የሬዲዮው ሚስት

ባልየው የተቀደደ ላስቲክ ሊጠግን አበባ የሚያበቅሉበት ግሪንሃውስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከመሰላሉ ወደቀና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። የአበባ አምራቾች ዓመታዊ ጉባኤ ሊከፈት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በጄሶ የታሰረ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል፣ «ዘንድሮ አንቺ ሂጂ» አላት።

«እኔ? እዚያ ሄጄ ምን ልበል?»

«አበባውን ማሳየት ነው።»

ከዚህ በላይ አልጨመረም። ሲፈጥረውም እንዲህ ነው። ጎረቤቶቻቸው «የዚህን ሰውዬ ድምፅ ለመስማት በር ጣቱን እስኪቆነጥጠው መጠበቅ ነው» እያሉ ያሙታል። ጽጌረዳ አብረው ሲተክሉ፣ ሲገርዙ፣ ሲቆርጡ ዕድሜያቸው አለፈ፤ በመካከላቸው የሚመላለሰው ቃል ግን «ውሃው ተከፈተ?»፣ «መቀሱን አቀብዪኝ»፣ «ዛሬ ውርጭ ሳይጥል አይቀርም» ነው። በየዓመቱ ጉባኤ ሄዶ ሲመለስ «እንዴት ነበር?» ስትለው «ደህና» ይላታል። እሷም በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንዱ ጥግ ተኮራምቶ ሲቀመጥ እየታያት አንጀቷን ይበላት ነበር።

አበባዋን በባልዲ ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። አዳራሹ በር ላይ ስም የምትመዘግበው ልጅ የእርሻውን ስም ስትሰማ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እንዴ! የሬዲዮ ባለቤት ነዎት? እሱስ የት ቀረ?»

«ተሳስተሻል ልጄ። የኔ ባል ሌላ ሰው ነው።»

«ጽጌረዳ የሚያመርተው፣ ረጅሙ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው አይደለም?»

«እሱስ እሱ ነው» አለች ግራ ገብቷት። «ሬዲዮ ግን አይደለም።»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «ከተከፈተ አይዘጋማ!»

ምሳ ላይ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጧት፤ የእሱ ቦታ ነው አሏት። በግራዋ ሊሊ የተባለውን አበባ የሚያመርት ወፍራም ሰውዬ፣ በቀኟ የአምራቾች ማሠልጠኛ ኃላፊ የሆኑ ሽበታም ሴትዮ ተቀምጠዋል። መሰበሩን ስትነግራቸው ሁሉም ከንፈራቸውን መጠጡ። ወዲያው ደግሞ እሱ የሚነግራቸውን ወሬ እየተቀባበሉ ያወሩት ጀመር። ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ደርቃ ያገኛትን ንብ በመዳፉ አሙቆ ነፍስ ቢዘራባት፣ ለውለታው እንዴት አፍንጫውን እንደነደፈችው። እሷ ያን ቀን አፍንጫው አብጦ ስታየው «ምን ሆነህ ነው?» ብላው «ምንም» ነበር ያላት።

«የበረዶውን ደግሞ እስቲ እርስዎ ይንገሩን» አለ የሊሊው ሰውዬ።

«የቱን በረዶ?»

«ላስቲኩ ሊነቀል ሲል ገመዱን ወገብዎ ላይ ጠምጥመው የተቀመጡበትን ነዋ! ‹እኔ ጠረጴዛ ሥር ተሸጉጬ፣ እሷ በረዶውን ትሰድበዋለች፤ እሱም አፍሮ አቆመ› ሲለን ሆዳችንን ይዘን ነው የምንስቀው። ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ‹እንዲህ ያለች ሴት ለኔ!› ይላል።»

እሷ ያን ቀን የምታስታውሰው ሌላ ነው። ረጥባ ስትንቀጠቀጥ ፎጣ አቀብሏት ምንም ሳይል ወጣ። ተቆጥቶ መስሏት ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችው።

ሽበታሟ ሴትዮ እጇን ነካ አደረጓት። «ያኔ ባይቀርብን ኖሮ ምን ዓይነት አስተማሪ ይወጣው ነበር! ግን አልፈርድብዎትም። እርሻዬን ጥዬ አልመጣም ማለትዎ ተገቢ ነው።»

«ምኑን?»

«የማሠልጠኛውን ሥራ ነዋ። መኖሪያ ቤቱ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ነበር እኮ።»

ማሠልጠኛው ያለበትን ከተማ ታውቀዋለች። ልጃቸው አግብታ የምትኖርበት፣ የልጅ ልጆቿ የሚያድጉበት ከተማ ነው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። ቢሆንም ባሏን በሰው ፊት ውሸታም ልታደርገው አልሆነላትም።

«አዎ» አለች ሹካዋን እያስቀመጠች። «እኔ አስቸጋሪ ነኝ።»

የቀረውን ጉባኤ እንደ ሕልም አሳለፈችው። ስለ ተባይ ሲነገር እሷ የምታስበው ስለ ወገቧ ነበር። ጎንበስ ብላ ቀና ማለት ካቃታት ቆይቷል። እርሻውን እንሽጠው ልትለው ስንቴ ከአፏ መልሳዋለች፤ ያለ አፈሩ በቁሙ ይሞትብኛል እያለች።

ቤቷ ስትገባ ባሏ በርጩማው ላይ እግሩን ሰቅሎ መቀስ ይስላል።

«ደህና ገባሽ?»

«ሬዲዮ!» አለችው።

መቀሱ ከእጁ ወደቀ።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለች ባልዲዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። «ቤት፣ ሥራ፣ ልጃችን አጠገብ! ለምን በኔ አፍ እምቢ አልክ?»

የታሰረ እግሩን ዳበሰ። «ብጠይቅሽ ለኔ ስትዪ እሺ ትያለሽ» አለ። «እሱ ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። አንቺ ከዚህ ቦታ ውጭ አትኖሪም።»

«ማን ነገረህ?»

«አልሰማሽም እንዴ? ስትቆርጪ እኮ ታንጎራጉሪያለሽ።»

«አንተ ሰውዬ! የማንጎራጉረው ወገቤን ሲያመኝ ነው! እንዳልጮህ ነው!»

ሳቅ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ጠፋ። የሳቁት ነገር ምን እንዳሳጣቸው ገብቷቸው ነበር።

በማግስቱ ለሽበታሟ ሴትዮ ደወለ። ቦታውን ሰው ይዞታል፣ ጎበዝ ወጣት ነው፣ ተማሪዎቹም ወደውታል አሉት። «ምነው ያኔ እሺ ባላችሁ!» አሉ ሴትዮዋ። ገዢም ፈለጉ፤ ያረጀ ግሪንሃውስ የሚፈልግ ጠፋ። እንደ ድሯቸው መቁረጣቸውን ቀጠሉ። አንዳንዴ ከአበባው መደብ ወዲያ ማዶ ሆኖ ሊያወራት አፉን ይከፍታል። «እና . . .» ይላል። እሷም መቀሷን አቁማ ትጠብቃለች። ጥቂት ያስብና «ውሃው ተከፈተ?» ይላታል።

በዓመቱ እርሻውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ወደ ጉባኤው አብረው ሄዱ። ክብ ጠረጴዛው ሞላ፣ «ሬዲዮ ይከፈት!» ተባለ። ባሏ ፈገግ ብሎ ጀመረ፤ መሐሉ ላይ ግን ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈና ቃሉ ተሰናከለ። «ብቻ . . . ደህና ነበር» ብሎ ውሃውን አነሳ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

እሷ ቦርሳዋን አነሳች። «መጣሁ፣ እጄን ልታጠብ» አለች።

ከአዳራሹ ወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችና ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳው ተደግፋ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ የእሱ ድምፅ ተሰማ፤ ፈጣን፣ የሞቀ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ። ቃሉ አይለይም። ሳቅ ፈነዳ፣ ጋብ አለ፣ እንደገና ፈነዳ። ትሪ የያዘች አስተናጋጅ «እናቴ፣ አይገቡም?» አለቻት።

«እገባለሁ» አለች። «እሱ ይጨርስ።»