የማርያም ዕለት ማስታገሻ

«ሕመምተኛው እስኪጮህ አትጠብቁ» አለ ዶክተር ዕንባቆም። «ሞርፊን በሰዓቱ ነው የሚሰጠው። ሕመሙ አንዴ ካመለጣችሁ ሮጣችሁ አትደርሱበትም።»

ተማሪዎቹ ጻፉ። በመስኮቱ በኩል የማራኪ ሰፈር ሚኒባስ ረዳቶች «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሳይጠይቅ የማይውለው ካሣዬ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ።

«ዶክተር፣ በአፉ መውሰድ የማይችል ቢሆንስ?»

«መርፌ አለ።»

«መርፌም እንቢ ቢልስ?»

«ቆዳ ላይ የሚለጠፍ አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«መጽሐፉ ላይ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዕንባቆም የሚያስቅ ነገር መናገሩን ያወቀው እነሱ ሲስቁ ነው። ጥርሱን ሊነቀል ድዱን ያደነዘዙት ሰው በምላሱ እየነካ «አለ ወይስ የለም?» እንደሚል፣ እሱም ከጥቂት ወራት ወዲህ ውስጡን እንዲያ እየነካ ይሞክረዋል። ምንም የለም። ሰሌዳውን ጠርጎ ወጣ።

ላብራቶሪ ገብቶ አይጦቹን አየ። ከኮሶዬ ደጋ የሚለቀም አንድ ቅጠል ሕመም ያስታግስ እንደሆነ እየመረመረ ነው። ቅጠሉን ያሳዩት እናቱ ናቸው፤ ጥርሳቸውን ባመማቸው ቁጥር ያኝኩት ነበር። አይጧ የቅጠሉን ጭማቂ ትጠጣና የሞቀ ብረት ላይ ትቀመጣለች፤ እግሯን እስክትልስ ያለው ጊዜ ይለካል። ባትልስም የተወሰነው ጊዜ ሲሞላ ትነሣለች፣ እግሯ እንዳይቃጠል። ለአዲስ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። የዛሬዋ ቶሎ ላሰች። ጻፈላትና ወደ ቤት ሄደ።

እናቱ እማሆይ ለተ ማርያም ከኮሶዬ መጥተው እሱ ዘንድ ተኝተዋል። ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። እህቱ ወለተሩፋኤል በር ላይ ጠበቀችው።

«ወንድምዓለም፣ የማታውን ሽሮፕ አልወስድም ብላለች።»

«ምነው?»

«ነገ የማርያም ዕለት ነው። ልትቆርብ።»

ሞርፊኑ በየአራት ሰዓቱ የሚጠጣ ሽሮፕ ነው። ለመቁረብ ደግሞ ከማታ ጀምሮ በአፍ የሚገባ ነገር የለም። እማሆይ ሽሮፑን ከጀመሩ ወዲህ አንድም ቀን ሳይቆርቡ ቆይተዋል። ይህን ዕንባቆም ያውቃል፤ ጠርሙሱን ከሆስፒታል ያመጣው እሱ ነው።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«እኔ ፈቅጃለሁ፣ ዶክተር» አሉት ገና ሳይቀመጥ። «ለድውይ መድኃኒት እንደ ምግብ አይቆጠርም ብያቸዋለሁ።»

«አንቱማ ፈቀዱ» አሉ እማሆይ። «ሆዴ ግን አልፈቀደም።»

«ሆድዎ ከእኔ ሥልጣን ይበልጣል?»

«በዕድሜም ይበልጣል።»

ቄሱ ሳቁ። እማሆይም ሊስቁ ሲሉ ወገባቸው ያዛቸውና ተዉት። ዕንባቆም ጎንበስ አለ።

«እማየ፣ መርፌ ልውጋሽ። በአፍ አይገባ።»

«ደም አይወጣም?»

«ብትወጣ ጠብታ ናት።»

«ደም ፈሶኝማ አልቀርብም። ተወው።»

«ሕመሙ እኮ አይቻልም።»

«የሚቻል የማይቻል መሆኑን የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ አይጦችህን ጠብቅ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆጣ ነበር። ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀ፤ አልመጣም። ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ሲነጋ ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመዋቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ነበር። ቅዳሴው ረዘመ። ዕንባቆም በወንዶች በኩል ቆሞ ያያቸዋል፤ ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ባለ ቁጥር ወለተሩፋኤልን ተደግፈው ለመነሣት ይሞክራሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ቆረቡ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንደዚያ አልነበረም።

ቤት ሲገቡ ወለተሩፋኤል ሳትቀመጥ ጠርሙሱን አውርዳ ከፈተችው።

«እንካ ስጣት! ቶሎ በል!»

ዕንባቆም ማንኪያውን ሞላ። ሞልቶ ቆመ።

እናቱ መድኃኒቱን የጀመሩ ሰሞን የቀመሱትን ሁሉ ያስመልሳቸው ነበር። አሁን ደግሞ ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ሌሊቱን ያለ መድኃኒት ያደረ ሰውነት ሙሉውን በአንድ ጊዜ ሲያገኝ መልሶ እንደሚያስወጣው እሱ ራሱ ያስተምራል። የማንኪያውን ሽሮፕ ወደ ጠርሙሱ መለሰው። ከቤተ ክርስቲያን አብረው የመጡትን ቄስ ወደ በሩ ወሰዳቸው።

«አባ፣ ቢያስመልሳትስ?»

«በሥጋ ወደሙ ላይ?» ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የወጣው እንዲሁ አይደፋም። በንጹሕ ጨርቅ ተሰብስቦ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ለዚያ ሥርዓት አለ። እሳቸው ግን…»

«እሳቸው ግን?»

«ሕመሙን ይችሉታል። ያንን አይችሉትም።»

ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ትንሽ እንቆይ» አለ።

«ምን እንቆይ?» ወለተሩፋኤል ጮኸች። «ትናንት ጠጪ ጠጪ ስትላት የነበርከው አንተ አይደለህም? ዛሬ ምን አገኘህ?»

እማሆይ ዓይናቸውን ገለጡ። «ስጠኝ እንጂ ልጄ። አሁንማ ጨረስኩ።»

«ትንሽ ቆዪ፣ እማየ።»

«ምነው?»

ነገራቸው። ለተማሪ እንደሚያስረዳ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። እማሆይ ጣራውን እያዩ ሰሙት። ሲጨርስ ዓይናቸውን ወደ እሱ መለሱ።

«እስከ መቼ?»

ሕመማቸውን በተመለከተ ጊዜ ሲጠይቁ ሰምቷቸው አያውቅም።

«መጀመሪያ ማስመለሱን የሚከለክለውን ኪኒን ትውጫለሽ። እሱ ይሥራ። ቁርባኑም ይርጋ።»

«ይርጋ» አሉ። «አንተ ግን አትሂድ።»

ኪኒኑን በጸበል ዋጡ። እጁን ያዙት። ከዚያ በኋላ አቃሰቱ፤ ሌሊቱን ያልሰማውን ሁሉ አሁን ሰማ። ጠርሙሱ ጭኑ ላይ ነው። ሊከፍተው ይችላል። ጣቶቻቸው የእጁን አጥንት ሲያደቁት ያያል፤ የሚያየው የሌላ ሰው እጅ ይመስለዋል። ወለተሩፋኤል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ቄሱ ጥግ ሆነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ዕንባቆም አብሮ ሊል ሞከረ፤ ቃሉ ከአፉ ይወጣል እንጂ ከየት እንደሚወጣ አላወቀም።

ጊዜው ደረሰ። ነጭ ጨርቅ ያነጠፈበትን ጎድጓዳ ሳህን ለወለተሩፋኤል አስያዛት። የሽሮፑን ግማሽ ብቻ ቀዳ፣ በቀስታ ሰጣቸው።

እማሆይ ዋጡ። ጉሮሯቸው ወጣ ወረደ። አንዴ ፊታቸው ጭምድድ ሲል ወለተሩፋኤል ሳህኑን አስጠጋች፤ በእጃቸው ገፉት። ከንፈራቸውን ገጥመው በአፍንጫቸው ተነፈሱ። እንደገና ዋጡ። ቄሱ ድግማቸውን አቁመው ነበር።

ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ከእጁ ላይ ላሉ።

«ረግቷል» አሉ እማሆይ።

«ግማሹ ቀርቷል፣ እማየ።»

«ስጠኛ ታዲያ» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።