የዕጩ መኮንኑ ፊት

ኮሚቴው በመጣ ቁጥር ሐውልቱ ላይ የሚያስጨምረው ነገር አያጣም። መጀመሪያ ኒሻን ይደረግለት አሉ።

"እንዴ፣ ዕጩ መኮንን እኮ ነው! ገና ሳይመረቅ ኒሻኑን ከየት አመጣው?" አለቻቸው ቀራጺዋ።

እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ ደረቱ ይስፋ አሉ፤ አሰፋችው። ከዚያ አንዱ ጡረተኛ ኮሎኔል "እኛ እንዲህ ከሲታ አልነበርንም" ብሎ ቦርጩን ወደ ውስጥ ሳበ።

ሰፈሩ "ጭቃ ሹም" ይላታል፣ ስትጨቀይ ስለምትውል፣ ደግሞም ስለምትቆጣ። የመኮንኖች ማሠልጠኛው ከተዘጋ ቆይቷል። በሩ ላይ ለመታሰቢያ የሚቆም ሐውልት ሥሪልን ሲሏት፣ ሰላምታ የሚሰጥ አንድ ዕጩ መኮንን ይሁን፣ ፊቱ ግን የማንም ቢሆን ግድ የለንም ብለዋት ነበር። የማንም አላደረገችውም። የታላቅ ወንድሟን አደረገችው።

ወንድሟ እዚያ ገብቶ አልወጣም። ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ዕጩዎቹን መንገድ ላይ አሰልፈው፣ አድማ በመቱ ሠራተኞች ላይ ተኩሱ አሏቸው። እሱ ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠ። ከመኝታ ቤቱ ወሰዱት። ቤተሰቡ ሲጠይቅ "ከድቷል" ተባለ፣ በቃ። የት ሄደ፣ ማን ወሰደው፣ የሚል ጠያቂም የሚመልስም ጠፋ።

ጭቃ እስካልደረቀ ድረስ ይታረማል። ስለዚህ ጀሶ ፈስሶበት፣ ሐውልቱ የሚቀዳበት ቅርጽ ማውጫ እስኪሠራለት በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆያል። ጨርቁን ማራስ የእናቷ ሥራ ሆነ። ማንም አላዘዛትም፤ ፊቱን ካየች ወዲህ ከወርክሾፑ አልወጣ አለች።

"አፍንጫውን አሳመርሽለት" ትላለች። "እንዲህ ቆንጆ እንኳ አልነበረም።"

"በቃ ላጣምመው?"

"ተይው፣ ተይው። ይኑረው።"

የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡት ጄኔራል፣ ታመው ስለነበር ሥራውን አላዩም። ጀሶው ሊፈስ በተቃረበበት ሰሞን ሾፌራቸውን አስከትለው መጡ። ጨርቁ ሲነሳ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ።

"ይሄ ማነው?"

"ዕጩ መኮንን ነዋ" አለች።

"አውቀዋለሁ።"

"ካወቅኸውማ ንገረና" አለች እናቷ ከኋላ፣ ጨርቁን እንደያዘች። "የት ነው ያለው?"

ጄኔራሉ አሮጊቷን አሁን ገና አዩዋት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እማማ፣ ይሄ ልጅ ከኮርሱ ተሰርዟል። ምሩቅ አይደለም። ፊቱ ይቀየር።"

"ጓደኞችዎ ግን ይህንኑ ፊት አይተው ኒሻን ይገባዋል ብለው ነበር" አለች ቀራጺዋ።

"እነሱ ከኛ በኋላ የገቡ ናቸው፣ አያውቁትም። እኔና እሱ ግን አልጋ ለአልጋ ነበርን!"

ቀራጺዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"እንግዲያው ሲወስዱት እዚያ ነበሩ። አልጋውን ማን አሳያቸው?"

"ትእዛዝ ነበር።"

ጄኔራሉ አሳየሁ አላለም። አላሳየሁም አላለም።

"ተማሪ ነበርኩ!" ብሎ ጮኸ። "ምን እንዳደርግ ነበር የምትፈልጊው?"

"እሱ ያደረገውን!"

ከጠረጴዛው ላይ የጭቃ መቅረጫውን ቢላዋ አነሳችና እጀታውን ወደሱ አዙራ ሰጠችው። አንቱታው ከአፏ ወድቋል። "እንካ። ጭቃው ለስላሳ ነው፣ አያስቸግርህም። እናቱ እያየችህ ገሽልጠው።"

ያዘው። ከዚያ ቢላዋውን ለሾፌሩ ዘረጋለት።

"አንተ፣ ና እስቲ።"

ሾፌሩ አሮጊቷን አየ፣ ሐውልቱን አየ። "ጌታዬ፣ እኔ መኪና ነው የምነዳው" አለ፣ ወደ በሩም ሄደ።

"ዛሬም በሰው እጅ?" አለች ቀራጺዋ። "ማዕረጉ ሁሉ ተደርድሮልህ አንድ ነገር እንኳ በራስህ እጅ አትሠራም?"

ቢላዋውን ወለሉ ላይ ጣለው። "ነገ በጠዋት ሰው ልኬ አስፈርሰዋለሁ! ሐውልቱ የኮሚቴው ነው!" በሩን እንደ ጎረምሳ አላትሞት ወጣ።

ቀራጺዋ እየተሳደበች የጀሶ ከረጢቱን በጥርሷ ቀደደች። ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ገለበጠችው።

"ምን ልታደርጊው ነው?" አለቻት እናቷ።

"ቅርጽ ማውጫውን ዛሬ ልሠራለት ነው። ነገ የሚያፈርሱት ጭቃውን ነው፣ ጭቃ ሞልቷል። ቅርጽ ማውጫው እኔ ጋ ካለ፣ እነሱ ቢተዉት እኔው አቆመዋለሁ፤ እዚያው በር ላይ ባይሆን እዚህ ደጃፍ ላይ።"

ጀሶውን በጥፍሯ እየቆነጠረች ሳይሆን በመዳፏ እያፈሰች ግንባሩ ላይ ትመርገው ጀመር።

"ዓይኑን! ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ፣ ቀስ በይ!" አለች እናቷ።

ቀስ አላለችም። ጀሶ ከተበጠበጠ ወዲያ ፋታ አይሰጥም። ዓይኑን ደፈነችው፣ አፉን ደፈነችው፣ በያንዳንዱ እፍኝ ጄኔራሉን ከነማዕረጉ እየጠራች። ነጭ ድቡልቡል ነገር ብቻ ቀረ። እናቷ ተጠግታ ጉንጩ በነበረበት በኩል እጇን አሳረፈች።

"ሞቀ እኮ!"

"ሲጠነክር ይሞቃል። እጅሽን አንሺ እማዬ፣ ይዞሽ ይቀራል።"

አላነሳችም።