ሦስቱ እድሮች አንድ የሆኑ ዕለት

ደጀኔ ሲናገር ይጣፍጣል፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። እዚህ ባሕር ማዶ ለብሩክሊን ሴንተር ከተማ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው አይደል? አፉን አሰልጥኗል። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ በተከራዩት አዳራሽ የቆመው ሦስቱን እድሮች አንድ ሊያደርግ ነበር።

«አምና ክረምት እዚሁ ሴንት ፖል አንድ ወንድማችን ሲቀበር፣ አስከሬኑን የሚሸከም ስድስት ሰው ጠፋ!» አለ። «ሦስት ሊቀመንበር፣ ሦስት ማኅተም፤ ተሸካሚ ግን የለም። እስከ መቼ ሦስት ትንንሽ መንግሥት ሆነን እንኖራለን? ድር ቢያብር...» መቼም ይህን ተረት ሳይጠራ ከመድረክ የወረደ ፖለቲከኛ የለም! ቢሆንም እውነቱን ነው። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሂሩትም አጨበጨበች።

አጨበጨበች እንጂ ዓይኗ ጭኗ ላይ ካለው ረቂቅ ደንብ አልተነሳም። እሷ የትንሿ እድር፣ የአርባዎቹ ሴቶች ሰብሳቢ ናት። የአዲሱ ደንብ አንቀጽ አራት አባል የሚሆነው የተዋሕዶ እምነት ተከታይ ብቻ ነው ይላል። ትልቁ እድር ያለዚያ አልዋሃድም ስላለ ደጀኔ እሺ ብሏል። ከሂሩት አጠገብ የተቀመጠችው ዙለይሃ ደግሞ የሴቶቹን እድር ከመሠረቱት አምስት ሰዎች አንዷ ናት። ደንቡ ከጸደቀ ከገዛ እድሯ ትወጣለች።

እኛ ሰዎች ስንሰበሰብ እጅ አንቆጥርም። «የሚቃወም አለ?» ይባላል፤ ሁሉም ጫማውን ያያል፤ አለቀ፣ ጸደቀ። ይሉኝታ ስንቱን ጉድ አጽድቋል!

«የሚቃወም አለ?» አለ ደጀኔ።

ሂሩት ተነሳች። ዙለይሃ ቀሚሷን ጎተተቻት። «ተይ በእናትሽ! ለእኔ ብለሽ አታፍርሺው።»

«አንቀጽ አራት ይውጣ» አለች ሂሩት።

ደጀኔ ላቡን ጠረገ። «ሂሩትዬ፣ መጀመሪያ ቤቱን እንሥራ። በሩን ቀስ ብለን እናሰፋዋለን።»

«ውጭ የቀረውን እስከዚያ ብርድ ይፍጀው?»

የትልቁ እድር ሊቀመንበር ጋሽ ክፍሌ ከፊት ወንበር ዞሩ። «ልጄ፣ ማንንም አልጠላንም። የእኛ ሞት ግን ለእሷ ምኗ ነው?»

ሂሩት ነደደች። ዙለይሃ ለማንም አትንገሪ ብላ ያስማለቻት ምስጢር ከአፏ አመለጠ።

«ጋሽ ክፍሌ፣ በኮቪድ ጊዜ ባለቤትዎ እትዬ ባየሽ ሆስፒታል ውስጥ ሲያርፉ፣ እርስዎ ፓርኪንግ ቆመው በስልክ ነው የተሰናበቷቸው። ያን ስልክ ይዛ፣ ሺፍቷ አልቆ እንኳ እጃቸውን ሳትለቅ ያደረችው፣ በማስክ ተሸፍና ያላወቋት ሠራተኛ ይህችው ናት!»

ጋሽ ክፍሌ ዙለይሃን ትክ ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አንቀጹ ይውጣ» አሉ።

ደጀኔ ጊዜ አላጠፋም። «አንቀጹ ወጥቶ ደንቡ ቢጸድቅ የሚቃወም አለ?» ሁሉም ጫማውን አየ። ጸደቀ። እልልታው ቀለጠ።

ሂሩት ልታቅፋት ብትዞር ዙለይሃ የለችም። ሮጣ መኪናዋ ጋ ደረሰችባት።

«ዙሊ፣ አሸነፍን እኮ!»

«አንቺ አሸነፍሽ» አለች ዙለይሃ። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «እኔ መሥራች ነበርኩ። አሁን ውለታ ሊመልሱልኝ ብለው አስገቡኝ። አንቀጹ ከወረቀት ወጣ እንጂ ከልባቸው አልወጣም፤ ነገ ማንንም ያላስታመመች አንዲት ፋጡማ ብትመጣ፣ ምን ብለሽ ነው የምታስገቢያት?»