የውሮ ድርሻ

መጀመሪያ ሕፃን የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ከጓሮ፣ ከተከመረው የማሽላ አገዳ ውስጥ፣ የታፈነ ረጅም ሲቃ ይመጣል፤ ያቆማል፤ ደግሞ ይመጣል። ገና ጠዋት ነው፤ ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም። አገዳውን አንድ በአንድ እያነሣሁ ወደ ጎን ጣልኩ። ከሥሩ ያለችው ውሮ ነበረች።

ትከሻዋ ላይ የሸለምጥማጥ ጥርስ ያረፈበት ቦታ አብጦ፣ ፀጉሩ ከመግሉ ጋር ተጣብቋል። ስነካት አልቧጨረችኝም። ያስፈራኝ ይኸው ነው።

ውሮ የእኔም የእትዬ ሩቂያም ድመት ናት። ሸዋ ሮቢት የጥጥ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ከተቀጠርኩ ጀምሮ እነእትዬ ሩቂያ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ውሮ እነሱ ዘንድ ትበላለች፣ እኔ ዘንድ ትተኛለች። ከሰው ብዙም አልገጥምም። ከሥራ ስመለስ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ያልሆንኩትን ሁሉ እሆናለሁ፤ አንድ ቀን የመርከብ አዛዥ፣ አንድ ቀን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም። ደረቴ ላይ ተጋድማ ይህን ሁሉ የምትሰማኝ ውሮ ብቻ ናት።

ያን ሰሞን መስኮቴ ላይ የጋሽ ሷሊሕ መድኃኒት ነበር። ጋሽ ሷሊሕ የእትዬ ሩቂያ ባል ናቸው። ኅዳር ነው፣ ማሽላው አፍርቷል፤ ወፍ ሊጠብቁ ወደ ማማቸው ሲሄዱ የአገዳ ጉቶ ውስጥ እግራቸውን ወጋቸው። ድሬሰሩ አየለ ቁስሉን አጥቦ ቀይና ቢጫ ካፕሱል ሰጣቸው፤ በቀን አራት፣ ለሰባት ቀን። በእኛ ሰፈር መድኃኒት በሽተኛው ቤት አይቀመጥም። ማንበብ የሚችል ሰው ዘንድ ነው የሚቀመጠው፤ ያነበበው ሰው እጅ ራሱ ያሽራል ተብሎ ይታመናል። እናም የአምስት ስድስት ቤት ብልቃጥ እኔ መስኮት ላይ ተደርድሯል። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ የነገውን አራት ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ ለእትዬ ሩቂያ እሰጣለሁ። እሳቸው በሶላት ያከፋፍሉታል፦ ለሱብሂ አንድ፣ ለዙህር አንድ፣ ለመግሪብ አንድ፣ ለኢሻ አንድ።

ውሮን አቅፌ ስገባ እትዬ ሩቂያ በረንዳው ላይ ሽሮ ያሰጣሉ።

«ውይ የኔ እናት! ምን አገኛት? ደምሴ፣ ከዚያ ከሷሊሕ አንድ ሁለት ፍሬ ብንሰጣትስ?»

«አይሆንም እትዬ። የሰው መድኃኒት ነው። ልኩ ከጎደለ አይሠራም።»

የአየለን ቃል፣ በአየለ ድምፅ ደገምኩት።

«እሷስ ነፍስ የላትም? ነቢያችን የሚወዱት እንስሳ…»

«አይሆንም አልኩዎ።»

«እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉና ወደ ሽሯቸው ተመለሱ።

«አንተ ታውቃለህ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ረፋዱ ላይ ከመጋዘኑ ወጣ ብዬ አየለ ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ተሞልቷል። ጠጋ ብዬ በጆሮው ነገርኩት።

«ለማን?» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ስሙልኝ! የጥጡ ጸሐፊ ለድመቱ መድኃኒት እዘዝልኝ ይላል!»

«ካርድ አውጣላታ!» አለ አንዱ ከወረፋው።

«ያባቷስ ስም ማን ይባል?» አለች ልጅ ያዘለች ሴት።

ሳቁ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ደግሞ የገዛ እምቢታዬን አጥፌ እትዬ ሩቂያን «ልክ ነበሩ፣ ይስጧት» ማለት አልቻልኩም። መድኃኒት አዋቂ ነኛ!

ያን ቀን ከሥራ እንደተመለስኩ በሩን ዘጋሁ። ከነገዎቹ አራት ፍሬዎች ሁለቱን አንሥቼ እንደ ጥይት ቀለህ ከመሃል ሳብ ሳብ አደረግኋቸው፤ ተከፈቱ። ቢጫውን ዱቄት ከቅቤ ለውሼ በጣቴ ለውሮ አላስኳት። ሁለት ፍሬ ብቻ ጠቅልዬ ብሰጥ ሁለት ሶላት ያለ መድኃኒት ያልፋል፤ እትዬ ሩቂያ ወዲያው ይደርሱበታል። ስለዚህ ባዶውን ቀፎ የማሽላ ዱቄት ሞላሁበትና መልሼ ገጠምኩት። ከደኅናው አይለይም።

ክፉ ነገር የምሠራ አልመሰለኝም። ሰው ትልቅ ነው፣ ድመት ትንሽ ናት፤ ለእሱ የሚተርፈው ለእሷ ነፍስ ነው እያልኩ ነበር። ያን ጊዜ ነጩን ጋዋን ለብሼ ነበርና የሚያቆመኝ አልነበረም። በማግስቱም እንዲሁ አደረግሁ። በሠልሱም። በአራተኛው ቀን ውሮ መግሉ ፈርጦ፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ አጥር ላይ ወጥታ ለወፍ ስትሸምቅ አየኋት። ከደስታ ብዛት እኔም የምጮህ መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ጋሽ ሷሊሕን ልጠይቅ ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ጆንያ ላይ ሰቅለዋል። ውሮ ከግርጌያቸው ተጋድማለች።

«ና ዶክተር! ግባ፣ ግባ። ይችን ጉደኛ እይልኝ እስቲ።»

«ምን ሆነች ጋሼ?»

«ድና! ምን ትሆናለች! ያለ መድኃኒት፣ እንዲያው በምላሷ ልሳ ልሳ ድና ቁጭ። እኔ ይኸው ሃያ ፍሬ ውጬ እግሬ ዱባ አከለ። ምላሴ ቢደርስልኝ እኔም እልሰው ነበር።»

«ወላሂ እውነቱን ነው» አሉ እትዬ ሩቂያ እየሳቁ። «አንገቱ ነው ያጠረው!»

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። እግራቸውን አየሁ። ቅላቱ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ባታቸው ላይ ደርሷል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ሷሊሕ ሳቃቸውን ጨርሰው፣ «የቀረውን ለአየለ መልስለት። ከዛሬ ወዲያ አልውጥም። ውሮን ያዳነ አላህ እኔን አይረሳኝም። ወፉ ማሽላዬን ሊጨርሰው ነው፤ ነገ ማማዬ ላይ እወጣለሁ።»

አንድ የማጀቴ ከተማ ሰው አውቃለሁ፤ መጋዘናችን ጥጥ ያመጣ የነበረ። እንዲህ ያለ እግር ንቆ አምና ደብረ ብርሃን ሄደና ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ተመለሰ። አሁን በክራንች ነው የሚሄድ። ዝም ብዬ ብወጣ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ውሮ እጇን እየላሰች ፊቷን ታብሳለች።

«ጋሼ፣ ውሮ በምላሷ አይደለም የዳነችው።»

«በምኗ ነው ታዲያ?»

«መድኃኒት ሰጥቻታለሁ።»

«ከየት አምጥተህ?» አሉ እትዬ ሩቂያ።

«ከጋሼ።»

«ኧረ እኔ ቆጥሬ ነው የምቀበልህ! አራት፣ አራት…»

«ከአራቱ ሁለቱ ማሽላ ነበር። ዱቄት። የቀረው ደኅና ነው፤ ስምንቱን አልነካሁትም።»

እትዬ ሩቂያ የያዙትን ኩባያ መሬት አስቀመጡት።

«ለምኜህ ነበር እኮ» አሉ። አልጮሁም። «በአፌ ለምኜህ ነበር እኮ ደምሴ። ተካፍለው ቢሆን አውቄው፣ አየለን ጨምርልን እለው ነበር። አንተ ነህ አይሆንም ያልከኝ።»

«አሁኑኑ አየለ ዘንድ እሄዳለሁ። ሁሉንም እነግረዋለሁ፣ በሰው ፊት ይሁን። መርፌም አለው። ወፉንም እኔ እጠብቃለሁ፤ ከመጋዘኑ ፈቃድ ጠይቄ ማማው ላይ እኔ እውላለሁ። ጋሼ፣ ብቻ እግሩን አይናቁት።»

 ጋሽ ሷሊሕ እጃቸውን ወደ ውሮ ዘረጉና የትከሻዋን ፀጉር በሁለት ጣት ገለጥ አደረጉት። አዲሱ ቆዳ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። እሱን እያዩ፣

«ማሽላው የማን ነው?» አሉ።

«እ?»

«የሞላህበት ማሽላ።»

«እትዬ የሰጡኝ ነው። የእርስዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኋቸው፤ ቢስቁ፣ ወይም ቢሰድቡኝ፣ ዱላም ቢያነሡብኝ በወደድኩ።

«ዱላዬን» አሉ ለሚስታቸው።

እትዬ ሩቂያ ዱላውን አቀበሏቸው። ጎንበስ ብለውም ለደኅናው እግራቸው ጫማ አደረጉላቸው፤ ሌላኛው በምንም አይገባም። ልደግፋቸው ብጠጋ ክንዳቸውን ሳብ አደረጉ።

«ወዴት ነው ሷሊሕ?» አሉ እትዬ ሩቂያ።

ጋሽ ሷሊሕ እያነከሱ ደጃፉን አለፉ፣ ግቢውን አለፉ። ውሮ እስከ ደፉ ተከተለቻቸውና እዚያ ተቀመጠች።

ከአጥራችን በግራ በኩል ወደ አየለ ቤት ይኬዳል፤ በቀኝ ወደ ማሽላው። ጋሽ ሷሊሕ የአጥሩን በር ተደግፈው ጥቂት ቆሙ፤ ወደ እኛ አልዞሩም። ከዚያ ዱላቸውን አስቀድመው በቀኝ በኩል ሄዱ።