ዳይክ-ራምፕ፣ ዳይ-ክራምፕ

ሆላንድ ውስጥ፣ ዚሪክዜ ከተማ በሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ አራሚ ነኝ። እኛ ደቾች ቃልን ከቃል መስፋት እንወዳለን፤ ሁለቱን አንድ እናደርግና መስመር ሲያልቅብን የት እንቁረጠው ብለን እንጨቃጨቃለን። ለሃያ ዓመት ቆራጯ እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ኮምፒውተር መጣና አለቃዬ ማሪኑስ፣ "ታና፣ አንቺ እረፊ፤ እሱ ይቁረጥ" አለኝ። እኔም አረፍኩ።

ባሕሩ ግድቡን ጥሶ አገሩን ካጥለቀለቀ አርባኛ ዓመቱ ነበር። ወይዘሮ ይከሚን እንደ ወትሮው የአባታቸውን የመታሰቢያ ማስታወቂያ አመጡ፦ "በዳይክራምፕ ለሞተው አባቴ።" ዳይክ ግድብ ነው፤ ራምፕ መዓት። ኮምፒውተሩ ግን መስመሩ ጫፍ ላይ "ዳይ" ብሎ ቆመና "ክራምፕ" የሚለውን ወደ ታች አወረደው። ዳይ ጭን ነው፤ ክራምፕ የጅማት መኮማተር። ሰውየው ጭናቸውን ጅማት ይዟቸው ሞቱ ማለት ነው። አላየሁትም። ሥራዬ ደግሞ ማየት ነበር።

ከተማው ሳቀ። ዳቦ ቤት ውስጥ አንዱ ጭኑን ይዞ፣ "ኧረ ድረሱልኝ፣ ግድቡ ያዘኝ!" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። በእሱ ተናደድኩ፤ በራሴ ግን ይበልጥ።

ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ ይከሚን ጋዜጣውን አጥፈው ይዘው መጡ። ማሪኑስ ቀደም ብሎ፣ "ኮምፒውተሩ ነው" አለ።

"ኮምፒውተር እዚህ ደመወዝ ይበላል እንዴ? ማነው ያላየው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሚቀጥለው እትም እናርመዋለን።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ማን ነገራችሁ?"

"ምኑን?"

"በጎርፉ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ይዋኛል። 'ጭኔን ያዘኝ፣ ውረጂ፣ ጣውላውን ያዢ!' አለኝ። ጣውላው አጠገቤ ነበር። ፈራሁና አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።"

ማሪኑስ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ማንም አልነገረንም፤ ስሕተት ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው አርሙት። ግድቡ ነው የገደለው በሉ። ዘመዶቼ የሚያውቁት እሱን ነው።"

እዚያው ወረቀት ላይ ቃሉን በእጄ ቆርጬ ጻፍኩት፦ ዳይክ፣ ራምፕ። ሰጠኋቸው። አነበቡትና፣ "ትክክል ነው?" አሉኝ።

"አቆራረጡ ትክክል ነው" አልኳቸው።