የሪሃም በረዶ

ጀላል ከአሠሪው ጠፍቶ ሪያድ ሱለይ ሰፈር በሚገኝ የዶሮ ማቀዝቀዣ መጋዘን ተሸካሚ ሆኖ ይሠራል። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ወረቀት የሌላቸው በሰላም እንዲወጡ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ከመጋዘንና ከቤቱ በቀር የሪያድን መንገድ አይረግጥም። ደፋር እንዳይመስላችሁ፤ የገዛ ጥላውን የሚፈራ ሰው ነው። እሱን ያሳበደው የልጁ የሪሃም ትምህርት ነው።

መምህሯ ሰልማ ደቡብ ዋልታ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ በስክሪን ልታቀርብላቸው ነው። የዋልታ በረዶ እየተደራረበ የድሮ አየርና አቧራ ይዞ ይኖራል አሉ። ተማሪዎቹም አሸዋና ከሰል በየተራ እየነሰነሱ በረዶ አርግተው እንዲመጡ ታዘዙ፤ ያማረለትን ልጅ ተመራማሪው ራሱ ያነጋግረዋል። የሪሃም ቤት ፍሪጅ ውሃ እንኳ በቅጡ አያቀዘቅዝም። አባቷ ግን የሚውለው በረዶ ውስጥ ነው።

በረዶ ቀርቶ ነፍሱን ብትለምነው እሺ ይላት ነበር። በቧንቧ ቁራጭ ውስጥ እየደራረበ አረጋው። ሲያወጣው ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር ሆኖ ክንድ ያህላል፤ ደስታው ከልጅ ባሰ። ኢቃማ ያለው ባልደረባው ከማል ግን አልወደደለትም።

«ወንድሜ፣ ወረቀት የሌለው ሰው እጁን ባዶ አድርጎ ነው የሚሄደው። ስጠኝ፣ እኔ ላድርስልህ» አለው።

ጀላል ግን ልጁ ስትቀበለው ፊቷን ማየት አማረው። ሞኝ! በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ አራስ ታቅፎት ወጣ።

ታክሲ ሲጠብቅ ፖሊሶች ደረሱ። አጠገቡ የነበሩት ሐበሾች እግሬ አውጪኝ ብለው ፈረጠጡ። እሱ ብሮጥ ይሰበርብኛል ብሎ ቆመ። ፖሊሶቹ ጥቅሉን አስፈትተው ሳቁና ከነበረዶው ወደ ተርሂል፣ ወደ ማባረሪያው እስር ቤት፣ በሚወስደው አውቶቡስ ጫኑት።

አውቶቡሱ እስኪሞላ በሩ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ቆመ። ጠብታ ውሃ የለም። አንድ በሽተኛ ራሱን ሲስት ጀላል አላስቻለውም፤ የበረዶውን ጫፍ ሰብሮ አፉ ላይ አደረገለት። ይህን ያየ ሁሉ እጁን ሰደደ። ተሻምተው ከነአሸዋው ቆረጠሙት። ለጀላልም ስባሪ ቀርታለት ነበር፤ ለልጁ ሊያስቀምጣት ጨብጧት ቆየና ጥሙ አሸነፈው። ጣፈጠችው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይኸው ነው።

ስልኩ ጮኸ።

«አባ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሰውዬው ስክሪኑ ላይ ቀርቧል። በረዶዬስ?»

ተያዝኩ ሊላት አፉን ከፈተ። ድፍረቱን አጣ።

«በላሁት» አላት።

ሪሃም «ኸላስ፣ በቃ፣ ሁለተኛ አባትሽ ነኝ እንዳትለኝ» ብላ ዘጋችበት።

መልሶ ሊደውል ቁጥሯን ሲፈልግ ፖሊሱ ገባና ስልኩን ከእጁ ነጠቀው።