እናቷ የሚያነቡት ከንፈር

ፀጉር ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ የምትቆመው መስታወት ፊት ነው። ደንበኛ ሲያስቃት የላይኛው ከንፈሯ ወደ አፍንጫዋ ይሰበሰብና ድዷ እንዳለ ይወጣል። ያኔ ማበጠሪያ እንደያዘች አፏን ትሸፍናለች። ሳትሸፍን የምትስቀው ቤት ውስጥ፣ እናቷ ፊት ብቻ ነበር።

እናቷ ከስድስት ዓመት በፊት ታመው መስማት አቁመዋል። የሚግባቡት የልጃቸውን ከንፈር እያዩ ነው፤ የሌላ ሰው ሲሆን ግማሹ ያመልጣቸዋል።

ሳትነግራቸው አንድ ሐሙስ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገች።

"ቦቶክስ የሚባለው መርፌ ከንፈርሽን ወደ ላይ የሚስበውን ጡንቻ ያላላዋል። ሦስት አራት ወር ይቆያል። ፈራሽ እንዴ?"

"ነፍሴ ልትወጣ ነው።"

በአምስት ደቂቃ አለቀ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አፏን ስትጉመጠመጥ ውሃው በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ። መስታወት አየች። ከንፈሯ ወርዷል፤ በግራ በኩል ይብሳል። ለመሳቅ ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም።

"እማዬ፣ ሥራ ልሄድ ነው" አለች ሳሎን ገብታ።

እናቷ አፏን ትኩር ብለው አዩ። "ምን አልሽ?"

ቀስ ብላ ደገመችው። እናቷ ተነሥተው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አፍሽ ጠሟል! ወንድሜ ስትሮክ ሲመታው እንዲህ ነው የጀመረው! ልጄ፣ የምትዪው አይታየኝም!"

ጎረቤት ሊጠሩ ወደ በሩ ሲሮጡ ቀድማ ዘጋችባቸውና በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈች፤ "መርፌ ተወግቼ ነው።"

"ማን ወጋሽ?"

"ፈልጌ ነው። ድዴ እንዳይታይ።"

እናቷ አንብበው ደረሰኙን መለሱላትና ፊታቸውን አዞሩ።

በዚያው ቀን ክሊኒክ ተመልሳ ሄደች፤ ሐኪሟ ዳስሳ አየቻት። "መጠኑ በዝቶብሻል፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ማርከሻ የለውም። በስድስት፣ በስምንት ሳምንት መልቀቅ ይጀምራል።"

"ባይለቀኝስ?"

"ይለቅሻል።"

አላመነችም። በየማለዳው ዓይኗን ሳትገልጥ ከንፈሯን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ያው ነው። ቤት ውስጥ በደብተር ይጻጻፉ ጀመር። እናቷ ፊቷን ማየት ተዉ፤ ስትገባ የሚያዩት እጇን ነው። ከንፈሯ እንዲህ እንደተዘጋባቸው ቢቀርስ? ይህን ስታስብ መቀሱን ደንበኛ ፀጉር ላይ እንደያዘች መቁረጡን ትረሳ ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት እሑድ ቀን፣ ምድጃው ጋ ቆማ "ወይኔ፣ ሽንኩርቱ አረረ" አለች ለራሷ።

"አላረረም፤ ገና ነው" አሉ በጎን የቆሙት እናቷ።

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። እናቷ ጠጋ ብለው አፏን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"ደግመሽ ትወጊዋለሽ?"

"አላውቅም፣ እማዬ" አለች።

"አታውቂም" አሉ እናቷ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "እሺ። እሳቱን ቀንሺው።"